የኤንክሌክስ ጭንቀት፦ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሮ እስከ ውጤቱ ቀን ምን እናድርግ?

የነርሲንግ ትምህርቱን ጨርሳችኋል። የቀረው ኤንክሌክስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በነርስነት ለመሥራት የሚያስፈልገው የፈቃድ ፈተና። ጥያቄ ስትሠሩ ከርማችኋል። ቀኑ ሲቃረብ ግን ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያነበባችሁት ሁሉ ከጭንቅላታችሁ ወጥቶ የሄደ ይመስላችኋል። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ አብረውኝ ከሠሩ ሐበሻ ነርሶች መካከል፣ ሕመምተኛ ፊት ሲቆሙ አንድም ነገር የማይስታቸው፣ ፈተናው ላይ ግን የወደቁ አውቃለሁ።

እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ ወድቄያለሁ። ፈተናው ከ85ኛው ጥያቄ ጀምሮ ሊቆም ይችላል፤ እኔም 85 ላይ ይቆማል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቆመም፤ 86 ብሎ ቀጠለ። እጄ ቀዘቀዘ። "በቃ አለቀልኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ጥያቄዎች ግማሹን ሳላነብ ነው የመለስኳቸው። ያልተለማመድኩት ነርሲንጉን አልነበረም። 86ኛው ጥያቄ ሲመጣ ምን እንደማደርግ ነበር ያልተለማመድኩት።

ስለዚህ እዚህ ስለ ፋርማኮሎጂ አላወራም። የፈተናውን ቀን ራሱን እንዴት እንደምትለማመዱት ነው የምጽፈው። ለአርኤንም (ሬጅስተርድ ነርስ) ለኤልፒኤንም (ላይሰንስድ ፕራክቲካል ነርስ) ያገለግላል። ፍርሃቱን ለማጥፋት አትታገሉ፤ አይጠፋም። ፍርሃቱ ሲመጣ እጃችሁ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ እንዲያውቅ አድርጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- ኤቲቲያችሁን (የፈተና ፈቃዳችሁን) እና መታወቂያችሁን
- ሙሉ ቀን ነፃ የምትሆኑባቸው ሁለት ቀናት
- የምታምኑት አንድ ሰው

ደረጃ 1፦ ማሽኑ እንዴት እንደሚያስብ እወቁ (ከ4 ሳምንት በፊት)

ግማሹ ጭንቀት ከወሬ ነው የሚመጣው። "85 ላይ ከቆመ አልፈሻል"፣ "150 ከደረሰ ወድቀሃል" ይባላል። ሁለቱም ስህተት ነው። ደብተራችሁ ላይ በራሳችሁ እጅ ይህን ጻፉ፦

1. እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ፈተናው ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ አለው። ጊዜው 5 ሰዓት ነው። ዕረፍቱም ከዚያው ላይ ይቆጠራል።
2. ከጥያቄዎቹ 15ቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው፤ ነጥብ የላቸውም። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ማወቅ አይቻልም። ሰምታችሁት የማታውቁት ነገር ቢመጣ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።
3. ኮምፒውተሩ በመልሳችሁ እየተመራ፣ የማግኘት ዕድላችሁ እኩል በእኩል የሆነ ጥያቄ ይመርጥላችኋል። ስለዚህ ጎበዙም ሰነፉም "ሁሉም ከበደኝ" ብሎ ነው የሚወጣው። መክበዱ የመውደቅ ምልክት አይደለም።
4. ኮምፒውተሩ የሚያቆመው ማለፋችሁን ወይም መውደቃችሁን 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ነው። ከ85 በኋላ ከቀጠለ ገና አልወሰነም ማለት ነው። እዚያ ላይ የምትመልሱት እያንዳንዱ ጥያቄ ዋጋ አለው።

አራተኛውን ሦስት ጊዜ አንብቡት። እኔን የጣለኝ እሱን አለማወቄ ነው።

ደረጃ 2፦ ስማችሁን አመሳክሩ (በዚያው ሳምንት)

ይሄ ስለ ጭንቀት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። አገባው። በፈተናው ጠዋት በር ላይ ተመልሶ የሄደ ሰው ጭንቀቱ ለወራት ነው የሚተርፈው።

በመታወቂያው ላይ ያለው የመጀመሪያ ስምና ላስት ኔም ኤቲቲው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም ደግሞ እዚህ አገር መከራ ያያል። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም ሚድል ኔም ይሆናል፣ የአያት ስም ላስት ኔም። ሌላው ላይ የአባት ስም ራሱ ላስት ኔም ሆኖ ይቀመጣል። ፊደሉም ይለያያል፤ ወርቅነሽ መንጃ ፈቃዱ ላይ በ"ኬ"፣ ግሪን ካርዱ ላይ በ"ኪው" ትጻፋለች።

1. ኤቲቲውንና መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ፊደል በፊደል በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡ።
2. መታወቂያው ጊዜው ያላለፈበት፣ ፎቶና ፊርማ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።
3. ልዩነት ካገኛችሁ ዛሬውኑ ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ለፒርሰን ቪው የተፈታኞች አገልግሎት ደውሉ። ፈተናው ጣቢያ ደርሶ ማስተካከል አይቻልም፤ ከመለሷችሁ የከፈላችሁትም አይመለስም።

ደረጃ 3፦ አተነፋፈሱን ልመዱት (ከ4 ሳምንት በፊት ጀምሮ በየቀኑ)

ለሕመምተኞቻችሁ ስንት ጊዜ "ቀስ ብለው ይተንፍሱ" ብላችኋል? አሁን ተራው የእናንተ ነው።

1. ትከሻችሁን ጣሉት። መንጋጋችሁን አላሉት።
2. በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ።
3. በአፍ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ።
4. 10 ጊዜ ደጋግሙት። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ወሳኙ ማስወጣቱ ነው። ትንፋሽ ሲወጣ በቬገስ ነርቭ በኩል የልብ ምት ይቀንሳል፤ ይሄን ተምራችሁታል። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ሥሩት። ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲገጥማችሁም ከመመለሳችሁ በፊት ሦስት ትንፋሽ ውሰዱ።

*ካዞራችሁ፦* በጣም በጥልቀት እያስገባችሁ ነው። ማስገባቱን ቀለል አድርጉት፣ ማስወጣቱን ብቻ አርዝሙት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተናው ወንበር ላይ ብትሞክሩት አይሠራም። ሰውነት የሚታዘዘው የለመደውን ነው።

ደረጃ 4፦ የፈተናውን ቀን ሁለት ጊዜ ኑሩት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ብዙዎቻችን የምናጠናው እንዴት ነው? ከሥራ መልስ፣ ሶፋ ላይ፣ ስልክ አጠገባችን አድርገን፣ 20 ጥያቄ ሠርተን መልሱን እናያለን። ከዚያ አንድ ቀን ተነስተን 5 ሰዓት በዝምታ ልንቀመጥ እንሄዳለን። ሰውነት ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

የመጀመሪያውን ልምምድ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሁለተኛውን ከአሥር ቀን በፊት አድርጉ።

1. ፈተናችሁ ጠዋት 8 ሰዓት ከሆነ ልምምዱም ጠዋት 8 ሰዓት ይሁን።
2. የፈተናውን ቀን ቁርስ ብሉ። ቂንጬ ከሆነ ቂንጬ፣ እንቁላል ከሆነ እንቁላል። ሆዳችሁ የማይወደውን ዛሬ እወቁት።
3. የፈተናውን ቀን ልብስ ልበሱ። ፈተና ክፍሎች ሊቀዘቅዙ ይችላሉ፤ ደራረብ አድርጉ።
4. ቤት ውስጥ አትሥሩት። የሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ይሻላል። ስልኩ መኪና ውስጥ ይቅር። የእጅ ሰዓትም አታድርጉ፤ ፈተናው ላይ ሁለቱም ሎከር ውስጥ ነው የሚገቡት።
5. ሳታቋርጡ ሥሩ። ወደኋላ ተመልሳችሁ መልስ አትቀይሩ፤ ኤንክሌክስ አያስመልስም።
6. ዕረፍት ከ2 ሰዓት በኋላ አንዴ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ አንዴ ውሰዱ። እውነተኛው ፈተና ላይም ዕረፍት የሚቀርብላችሁ በእነዚህ ጊዜያት ነው።
7. በሁለተኛው ልምምድ እስከ 150 ሂዱ። ቢደክማችሁም ሂዱ።

አሁን ዋናው። 85ኛውን ጥያቄ መልሳችሁ 86 ሲመጣ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ። አምስት ጊዜ ተንፍሱ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር በልባችሁ በሉ። የእኔ "አሁንም እየጠየቀኝ ነው፤ በሩ አልተዘጋም" የምትል ነበረች። የራሳችሁን ምረጡ። አጭር ትሁን፣ እውነት ትሁን። "አልፋለሁ" አትበሉ፤ ጭንቅላታችሁ አያምናችሁም። ከዚያ 86ን እንደ መጀመሪያው ጥያቄ አድርጋችሁ አንብቡት።

ይህን ሁለት ቀን ካደረጋችሁ እውነተኛው ቀን ሦስተኛው ይሆናል። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ 86 ሲመጣ እጄ ራሱ ነው ከማውሱ የተነሳው።

*የልምምዱ ውጤት ከከፋ፦* የተሳሳታችሁትን በሁለት ረድፍ ክፈሉት። "አላውቀውም ነበር" አንድ ረድፍ፣ "አውቀው ነበር፣ ተጣድፌ ነው" ሌላ ረድፍ። የመጀመሪያው በጥናት ይድናል። ሁለተኛው ረድፍ ከበዛ ችግሩ ፍጥነት ነው፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻ አንብባችሁ ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት "ምንድን ነው የሚጠይቀኝ?" በሉ።

ደረጃ 5፦ ማን ይወቅ?

የፈተናውን ቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ ንገሩ። ክፉ ስለሚያስቡ አይደለም። እናት አዲስ አበባ ሆና ስለት ትሳላለች፣ አክስት ትደውላለች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው "እንዴት ሆነልሽ?" ይላል። ሁሉም በፍቅር ነው። ያ ሁሉ ፍቅር ግን ፈተናው ወንበር ላይ ትከሻችሁን ይጫናል።

ለቀሩት አንድ መልስ አዘጋጁ፦ "እያጠናሁ ነው፣ ሲያልቅ ራሴ እደውላለሁ፣ በጸሎት አስቡኝ።" እማማ ደጋግመው ከጠየቁም ይህንኑ ድገሙላቸው።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻው ሳምንት

*ሥራ።* ከፈተናው በፊት ላሉት ሁለት ሌሊቶች ናይት ሺፍት አትግቡ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ሰው ጠፋ ብለው ሲደውሉልኝ እሺ አልኩ፤ 12 ሰዓት ቆሜ አድሬ በማግስቱ እንቅልፌ ተዛብቶ ዋለ፣ ፈተናውም በሚቀጥለው ቀን ነበር። የአንድ ሺፍት ገንዘብ ከ200 ዶላሩ የፈተና ክፍያና ከወራት ጭንቀት አይበልጥም። አሁኑኑ ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

*ቡና።* አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታችሁ ለማጥናት የለመዳችሁ፣ ድንገት አታቋርጡ፤ ራስ ምታት ያመጣል። አትጨምሩበትም። ከእኩለ ቀን በኋላ ግን ተዉት። የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓታት ገደማ በኋላም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ለምዳችሁት የማታውቁትን ኢነርጂ ድሪንክ ንኩም አትበሉት።

*ጾም።* ፈተናው ጾም ላይ ከዋለ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዋዜማው ማታ አይሁን። ረመዳን ከሆነ ኤቲቲያችሁ ከሚፈቅደው ቀን ውስጥ ሌላ ቀን ካለ እዩ፤ ከሌለ ከሱሁር ብዙ ያልራቀውን የጠዋት ቀጠሮ ያዙ።

*መድኃኒት።* ጓደኛ "ይቺን ብትውጪ ልብሽ አይመታም" ብላ ፕሮፕራኖሎል ትሰጣችሁ ይሆናል። አትውሰዱ። አስም ላለበት ሰው አደገኛ መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ። አቲቫንና መሰሎቹ የማረጋጊያ መድኃኒቶች ደግሞ ማስታወስን ያደክማሉ። መድኃኒት ያስፈልገኛል ካላችሁ ሐኪማችሁ ጋር ሂዱ፣ ቀድማችሁም በሌላ ቀን ሞክሩት።

*ቀን መቀየር ካስፈለገ፦* ቀጠሮው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከሆነ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድማችሁ ቀይሩ። ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም ሰኞ ከሆነ ግን እስከ ዓርብ፣ አሁንም 24 ሰዓት ሳይቀረው መሆን አለበት። ስትታመሙ ወይም ቤተሰብ ላይ ችግር ሲደርስ ቀይሩ። ስለፈራችሁ ብቻ ሁለተኛ ጊዜ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ግን ቆም በሉ። በሸሻችሁት ቁጥር ፍርሃቱ ይገዝፋል።

ከዚህ በላይ ከሆነ

ለሳምንታት ምግብ የማይበላላችሁ፣ ደረታችሁን እየያዛችሁ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ ደብተር ባያችሁ ቁጥር የምታለቅሱ ከሆነ ይህ መመሪያ ብቻውን አይበቃም። ሐኪም ወይም ቴራፒስት እዩ። በሐኪም የታወቀ የጭንቀት ሕመም ያለበት ሰው ለስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ አመልክቶ እንደ ተጨማሪ ጊዜ ያለ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ማለቅ አለበት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ አሜሪካ ውስጥ 988 ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ። ይሄ አያሳፍርም።

ደረጃ 7፦ ዋዜማው

1. እስከ እኩለ ቀን የራሳችሁን ማስታወሻ ብቻ ገረፍ አድርጉ። አዲስ ጥያቄ አትሥሩ። ከዚያ ዝጉት።
2. መታወቂያውን፣ የመኪና ቁልፉን፣ ልብሱን አንድ ቦታ አስቀምጡ።
3. መንገዱን አረጋግጡ። ከተቻለ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ እስከ በሩ ነድታችሁ ፓርኪንጉን እዩ።
4. ገላችሁን ታጠቡ፣ ጸልዩ፣ በተለመደው ሰዓታችሁ ተኙ።

*እንቅልፍ እምቢ ካለ፦* ይል ይሆናል። ሰዓቱን አትዩ። 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ ተነሱ፣ ደብዛዛ መብራት ውስጥ ተቀመጡ፣ ሲመጣ ተመለሱ። ያለፉትን ቀናት በቅጡ ከተኛችሁ የአንድ ሌሊት ጉድለት አይጥላችሁም። ቤናድሪል (እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት) በዚያች ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩ፤ ጠዋት ያደነዝዛል።

ደረጃ 8፦ ጠዋቱ

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ደብተሩን ክፈቱና የምትፈሩትን ሁሉ ጻፉ። "ብወድቅ ለእናቴ ምን እላለሁ፣ የልጄ ዴይኬር፣ የቤት ኪራይ…" ሳታሳምሩ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከፈተና በፊት ስጋታቸውን ለ10 ደቂቃ ያህል የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል፤ ይበልጥ የጠቀመውም ጭንቀታሞቹን ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተሩን ዝጉና ቤት ተዉት።

ከቀጠሮው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። መዳፋችሁን በማሽን ያነባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ያስፈርማሉ፣ ስልክ ያሽጋሉ። እስር ቤት የገባችሁ ከመሰላችሁ ለሁሉም እንደዚሁ መሆኑን አስቡ። ከሌሎች ተፈታኞች ጋር ስለ ጥያቄ አታውሩ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሚፈተነው ኤንክሌክስ አይደለም፤ ቀድሞ የሚወጣ ሰው አያስደንግጣችሁ።

ደረጃ 9፦ ወንበሩ ላይ

የመጀመሪያውን ጥያቄ ከመክፈታችሁ በፊት አሥሩን ትንፋሽ ጨርሱ። ልባችሁ ይመታል። "ሰውነቴ ለሥራ ተነሳ" በሉት።

በአማካይ ለአንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ አላችሁ። ኬዝ ስተዲዎቹ (ስለ አንድ ሕመምተኛ በተከታታይ የሚመጡት ጥያቄዎች) ይረዝማሉ፣ አጫጭሮቹ ያካክሱታል። የሚቀርብላችሁን ዕረፍት ደህና ነኝ ብላችሁ እንኳ ውሰዱ፤ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ውኃ ጠጡ።

*ጭንቅላታችሁ ባዶ ከሆነ፦*

1. እጅ ከማውስ ላይ ይነሳ።
2. ሁለቱንም እግር ወለሉ ላይ ጫን አድርጉ። ወንበሩ ጀርባችሁን ሲነካ ይሰማችሁ።
3. አምስት ትንፋሽ።
4. ጥያቄውን እንደገና አንብቡ። በተሰጣችሁ ሰሌዳ ላይ ሕመምተኛው ማን እንደሆነና ምን እንደሆነ በሦስት ቃል ጻፉ።
5. አሁንም ካልመጣ፣ ሕመምተኛውን የሚጎዱትን ምርጫዎች አስወጡ፣ ከቀሩት ምረጡ፣ እለፉ። ያለፈው አይመለስም፤ ይዛችሁት ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

*እንባ ከመጣ ወይም እጅ ከተንቀጠቀጠ፦* እጃችሁን አንሱና ዕረፍት ጠይቁ። ጊዜው ይቆጠራል፣ ግን አምስት ደቂቃ ከስሮ መረጋጋት ሃያ ጥያቄ ሳያነቡ ከመምታት ይሻላል።

*ሰዓቱ እያለቀ ከሆነ፦* ዝም ብላችሁ አትምቱ። ኮምፒውተሩ የተሳሳቱ መልሶች ሲደረደሩ ግምቱን ዝቅ ያደርገዋል። የቻላችሁትን ያህል በሥርዓት መልሱ።

ደረጃ 10፦ ከወጣችሁ በኋላ

ጥያቄ አትፈልጉ፣ መልስ አትፈልጉ፣ ለማንም አትንገሩ፤ ላለመናገር ፈርማችኋል። "ድጋሚ ለመመዝገብ ስትሞክሪ ማሽኑ ከከለከለሽ አልፈሻል" የሚባለውን ዘዴም ተዉት። ገንዘብ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፣ ጭንቀቱንም አያስታግስም። ብዙ ስቴቶች ላይ ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ ትንሽ ከፍሎ ኢመደበኛውን ውጤት ማየት ይቻላል። እስከዚያ ተኙ፣ ብሉ፣ ዘመድ ቤት ቡና ጠጡ።

*ካላለፋችሁ፦* ለሦስት ቀን መጽሐፍ አትክፈቱ። ከዚያ የሚላክላችሁን የውጤት መግለጫ አንብቡ፤ በእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ከመስፈርቱ በላይ፣ አጠገቡ ወይም በታች መሆናችሁን ይነግራችኋል። "በታች" ካለበት ጀምሩ። እንደገና ለመፈተን ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ አለባችሁ፤ ስቴታችሁ ሌላ ገደብ እንዳለው ከቦርዱ ጠይቁ። ደብተሩን አውጡና ፈተናው ላይ የደነገጣችሁበትን ትክክለኛ ቅጽበት ጻፉ፦ ስንተኛው ጥያቄ ነበር፣ ሰውነታችሁ ምን አደረገ፣ እጃችሁ ምን አደረገ። የሚቀጥለው ልምምዳችሁ የሚጀምረው ከዚያች ቅጽበት ነው።

ለእናታችሁ የምትደውሉትም ያኔ ነው። "እማዬ፣ በዚህኛው አልሆነም፣ ቀን ይዤ እንደገና እገባለሁ" በሏት። እኔ ያን ስልክ ስደውል እናቴ ለአፍታ ዝም አለችና "ምሳ በልተሻል?" ነበር ያለችኝ።